ስለ ኮምፒዩተር ጉድለትና ስለ ሰው ዝምታ



የአንባቢያን ደብዳቤ በሚወጣበት በዚህ ዓምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃ፣ ስለ ባለጉዳይ መጉላላትና ይህን ስለመሰለው ነገር ሁሉ ብዙ ሰዎች የሚጽፉትን በየጊዜው እከታተላለሁ። እኔ ዛሬ የማቀርበው ጉዳይ ከእነዚህ ሁሉ ያነሰ ይመስል ይሆናል፤ ይኸውም በአንድ ኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ስለወጣ አጭር ማስታወቂያ ነው። ነገር ግን ያ ማስታወቂያ የ74 ሠራተኞችን ደመወዝ በፋሲካ ዋዜማ አስሮ የያዘ፣ አንዲትን የተከበሩ ወይዘሮ ያለ በደላቸው ሊያስቀጣ የነበረ፣ እኔንም ከኅሊናዬ ጋር ያጣላኝ ስለሆነ ታሪኩን ከነጥፋቴ ለመግለጽ ወስኛለሁ። ደብዳቤዬ ቢረዝም አስቀድሜ ይቅርታ እለምናለሁ።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር ነኝ። ኮምፒዩተርን በተለይ ተምሬ የምስክር ወረቀት አልያዝኩም፤ ይሁን እንጂ መጽሐፍ እያነበብኩ፣ እየሞከርኩም ጥቂት ስላወቅሁ በትምህርት ቤታችን «እርሱ ይችላል» የሚል ስም ወጥቶልኛል። የማተሚያ መሣሪያ ወረቀት ቢጎርስ፣ የፈተና ጽሑፍ ቢጠፋ፣ የኢንተርኔት መስመር ቢቋረጥ የሚጠራው ሰው እኔ ነኝ። ዐዋቂ መባል ደስ ያሰኛል፤ ያሳተኝም ይኸው ደስታ ነው።

ትምህርት ቤታችን መንግሥታዊ ስላልሆነ ደመወዝ የሚሰላው በራሱ የሒሳብ ክፍል ነው። የሒሳብ ክፍሉን የሚመሩት ከእኔ በዕድሜ እጅግ የሚበልጡ ወይዘሮ ናቸው፤ ስማቸውን እንዳልጽፍ ራሳቸው ስለጠየቁኝ እንደ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» እያልኩ አወሳቸዋለሁ። እርሳቸው የሚሠሩበት የሒሳብ ፕሮግራም የደመወዝን፣ የግብርን፣ የጡረታ መዋጮንና የዕቃ ግምጃ ቤትን መዝገብ በአንድነት የያዘ ነው። ከስምንት ዓመት የማያንስ ጊዜ ያለ ችግር አገልግሏል።

መጋቢት 22 ቀን 2015 ዓ.ም. ዓርብ ከሰዓት በኋላ እትዬ ኮምፒዩተራቸው መዘግየቱን ነግረውኝ እንድመለከተው ለመኑኝ። እኔም ተቀምጬ የተጫኑትን ፕሮግራሞች ዝርዝር ስከፍት «ማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ» የሚል ስም ከ2005፣ ከ2008፣ ከ2010 እያለ፣ አንዳንዱም «ኤክስ 86»፣ ሌላው «ኤክስ 64» እየተባለ ደጋግሞ ተጽፎ አገኘሁ። እትዬ ፕሮግራም የሚጽፉ ሰው አይደሉም፤ ይህ ሁሉ የፕሮግራም ጸሐፊዎች ዕቃ እዚህ ምን ይሠራል ብዬ፣ ደግሞም ያው አንዱ ነገር የተደጋገመ መስሎኝ፣ ከመካከላቸው አሮጌ የመሰሉኝን በሙሉ አጠፋሁ። የተገኘው ትርፍ ቦታ ከጥቂት ፎቶግራፎች ስፍራ የሚበልጥ አልነበረም። ከዚያም ኮምፒዩተሩን ዘግቼ «በሉ እንግዲህ እንደ ፈረስ ይጋልባል» ብዬ፣ ተመርቄ ወጣሁ።

ሰኞ መጋቢት 25 ቀን ጧት እትዬ የመጋቢትን ደመወዝ ለማስላት የሒሳብ ፕሮግራሙን ሲከፍቱ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። ቃሉ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ኤም.ኤስ.ቪ.ሲ.አር.100 የተባለው ዲ.ኤል.ኤል. ከኮምፒዩተርዎ ስለጠፋ ፕሮግራሙ ሊጀምር አይችልም፤ ችግሩን ለማስወገድ ፕሮግራሙን እንደገና ለመጫን ይሞክሩ» የሚል ነው። ደግመው ቢከፍቱት ያው ነው፤ አጥፍተው ቢያበሩት ያው ነው።

እዚህ ላይ የኮምፒዩተር ሥራ ልማዳቸው ላልሆነ አንባቢያን ነገሩ ምን እንደሆነ በአጭሩ ማስረዳት ይገባኛል። አንድ ፕሮግራም ለሥራው የሚያስፈልገውን ሁሉ በራሱ ውስጥ ይዞ አይኖርም። ፋይል መክፈት፣ ፊደል መቁጠር፣ በኮምፒዩተሩ ማስታወሻ ውስጥ ቦታ መያዝና ማስለቀቅ የመሳሰሉት ሥራዎች ለብዙ ፕሮግራሞች የጋራ ናቸው። ስለዚህ እነዚህን የጋራ ሥራዎች የሚያከናውኑ ክፍሎች ተለይተው ይቀመጣሉ፤ ፕሮግራሙም በፈለጋቸው ጊዜ ይጠራቸዋል። ዲ.ኤል.ኤል. የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ዊንዶውስ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወጣበት ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማል።

ነገሩ በመሥሪያ ቤት እንዳለ መዝገብ ቤት ነው። እያንዳንዱ ክፍል የየራሱን መዝገብ ቤት ከሚያቋቁም አንድ መዝገብ ቤት ለሁሉም ቢያገለግል ቦታም ገንዘብም ይተርፋል። ነገር ግን አንድ ቀን «ይህ ሰውዬ ደብዳቤ ቁጥር ከመስጠት በቀር ምን ይሠራል?» ብላችሁ የመዝገብ ቤቱን ሠራተኛ ብታሰናብቱት በማግሥቱ የማንኛውም ክፍል ደብዳቤ ከበር አይወጣም። ደብዳቤው ተጽፏል፤ ሹሙም ፈርሞበታል፤ ግን ቁጥርና ማኅተም የሚያደርግበት የለም። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነበር። ከ2005፣ ከ2008፣ ከ2010 እያለ የተደጋገመውም አንዱ የሌላው ቅጂ አልነበረም፤ በ2010 መሣሪያ የተሠራ ፕሮግራም የሚፈልገው የ2010ን ክፍል ነው፤ የ2008ቱም ሆነ የ2013ቱ አይተካለትም። በፋይሉ ስም ላይ ያለው 100 የሚለው ቁጥር ራሱ የሚያመለክተው 2010ን ነበር። የ2012ቱ 110፣ የ2013ቱ 120 የሚል ቁጥር አለው። ከ2015 ወዲህ የወጡት ግን 140 በሚል አንድ ቁጥር ተጠቃለዋል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ካጠፋሁት በኋላ ነው።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። ሰኞ ጧት እትዬ ሲያስጠሩኝና ማስታወቂያውን ሳነብ ዓርብ ያደረግሁት ነገር ወዲያው ትዝ አለኝ። ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ወደቀ። በዚያች ደቂቃ «እትዬ፣ ዓርብ ዕለት አንዳንድ ነገር አጥፍቻለሁ» ብዬ ብናገር ኖሮ ነገሩ በአንድ ሰዓት ያልቅ ነበር። እኔ ግን «እስቲ እንመለከተዋለን» ብዬ ወደ ክፍሌ ሄድኩ።

በዕረፍት ሰዓት ተደብቄ መድኃኒት ፍለጋ ገባሁ። በኢንተርኔት ላይ «የጠፋብዎትን ዲ.ኤል.ኤል. እዚህ በነፃ ያግኙ» እያሉ ነጠላ ፋይል የሚያድሉ ብዙ ቦታዎች አሉ፤ ከአንዱ ወስጄ «ሲስተም 32» በሚባለው የዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ ከተትኩት። ማስታወቂያው ግን ያው «ጠፍቷል» የሚለው ነው። ተናድጄ ያንኑ ፋይል የሒሳብ ፕሮግራሙ ባለበት ማኅደር ውስጥ ጨመርኩት። አሁን ደግሞ ማስታወቂያው ተለወጠና መጨረሻው 7ቢ የሆነ ረጅም የስሕተት ቁጥር አወጣ። ማስታወቂያው መለወጡን ሳይ የተሻለ መሰለኝ፤ የባሰ ግን ነበር።

ምክንያቱን በኋላ ተረዳሁ። የሒሳብ ፕሮግራሙ የ32 ቢት ፕሮግራም ነው፤ እኔ ያመጣሁት ፋይል የ64 ቢት ነው። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ «ሲስተም 32» የሚባለው ማኅደር፣ ስሙ እንደሚያሳስተው ሳይሆን፣ የ64 ቢቶቹ ቤት ነው፤ የ32 ቢቶቹ ቤት «ሲስ ዋው 64» ይባላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ፋይሉን ያስቀመጥኩት ፕሮግራሙ በማያይበት ቤት ነበር፤ ሁለተኛ ደግሞ በደጃፉ ላይ አስቀመጥኩለትና ቢያገኘው ቋንቋው የማይገባው እንግዳ ሆነበት። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ማን እንደሠራው ያላወቅሁትን ፋይል የሰባ አራት ሰው ደመወዝ በተጻፈበት ኮምፒዩተር ላይ መጨመሬ ራሱን የቻለ ጥፋት ነበር። እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ ሌባ ተደብቆ ሊገባ ይችላልና።

ማክሰኞ ዲሬክተሩ ከውጭ ባለሙያ አስመጡ። ባለሙያው ጥቂት ነካክቶ «ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም፤ በፍላሽ የገባ ነው፤ ዊንዶውሱ ከነ ዕቃው ተጠርጎ እንደገና መጫን አለበት» አለ። እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ፍላሽ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የሚሰኩት እትዬ ብቻ ስለሆኑ የሰው ዓይን ሁሉ ወደ እርሳቸው ዞረ። እትዬ ቀና ብለው «እኔ የማላውቀውን ፍላሽ አልሰካም፤ ኮምፒዩተሩ ቢጠረግ የስምንት ዓመት መዝገቤ ምን ይሆናል? መጀመሪያ መዝገቤን ገልብጡልኝና ከዚያ የፈለጋችሁትን አድርጉ» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ባለሙያው «መዝገቡ ያለው እዚሁ ሲ ድራይቭ ላይ ነው» ብሎ አመነ። የእርሳቸው እንቢተኝነት ያን ቀን ትምህርት ቤቱን ከትልቅ ጥፋት አዳነው። መዝገቡ በሁለት ቦታ እስኪገለበጥ ጠረጋው እንዲቆይ ሆነ። ይሁን እንጂ ዲሬክተሩ በኮምፒዩተር አያያዝ ጉድለት በእትዬ ስም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እንዲዘጋጅ ማዘዛቸውን ማምሻውን ሰማሁ።

ረቡዕ ማታ ከትምህርት ቤቱ ስወጣ የበሩ ዘበኛ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «መምህር፣ እርስዎ ያውቁታል ይላሉ፤ ደመወዙ ለፋሲካ ይደርስ ይሆን? እኔ እንኳ ምንም አይደለሁ፤ ልጆቹ ዶሮ ይጠብቃሉ» አሉኝ። «ይደርሳል አባቴ» ብዬ አለፍኩ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። የጠፋው ነገር ምን እንደሆነ የማውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሁሉም የሚፈልገው እኔ በኪሴ የያዝኩትን ቃል ነበር።

ሐሙስ መጋቢት 28 ቀን ጧት፣ ገና ደወል ሳይደወል፣ ወደ ሒሳብ ክፍል ሄድኩ። እትዬ የዳር ዳሩ የተላላጠ አንድ ጥቁር ደብተር ከፊታቸው ዘርግተው አገኘኋቸው። ገና አፌን ሳልከፍት «ና ልጄ፣ ይህን እስቲ እይልኝ፤ ለዚያ ለባለሙያው ባሳየው አልሰማኝም» አሉኝ። በደብተሩ ላይ በእጃቸው ጽሑፍ ፕሮግራሙ የተጫነበት የ2007 ዓ.ም. ቀን፣ የጫነው ሰው ያደረገው እያንዳንዱ ነገር ተጽፏል። በሁለተኛው መስመር ላይ «ሰውየው ከዋናው አስቀድሞ ቪ.ሲ. የሚባል ሌላ ትንሽ ነገር ጫነ፤ ለምን ብለው ያለዚህ አይነሣም አለኝ» ይላል። ከዚያም የጠረጴዛቸውን መሳቢያ ሳቡና በጨርቅ የተጠቀለለ ሲዲ አወጡ። «የመጣበት ሲዲ ይኸው። ሁልጊዜ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እያሉ ይስቁብኛል» አሉ።

ሦስት ቀን ሙሉ ስንፈልገው የሰነበትነው መልስ በዚያ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ማንም አልጠየቃቸውም። እኔ ደግሞ እያወቅሁ አልጠየቅሁም።

«እትዬ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው። ዓርብ ያደረግሁትን፣ ሰኞና ማክሰኞ የደበቅሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ «ማጥፋትህን አይደለም የምታዘብህ፤ እኔም ስንት አጥፍቻለሁ። ማክሰኞ ዕለት ያ ሰው ሲናገረኝ አጠገቤ ቆመህ ነበር» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ከዚህ የበለጠ ተግሣጽ በዕድሜዬ ደርሶብኝ አያውቅም።

ሥራው ከዚያ በኋላ አጭር ነበር። በሲዲው ውስጥ የቅድሚያ ክፍሎች የተቀመጡበት ማኅደር ነበረና የ2010ን የኤክስ 86 ጥቅል ከዚያ አውጥቼ ጫንኩት። ፕሮግራሙ ግን አሁንም ያንኑ ረጅም የስሕተት ቁጥር ደገመ። እጄ ተንቀጠቀጠ። በኋላ ግን አንድ ነገር አስታወስኩ፤ ፕሮግራም የሚፈልገውን ክፍል በመጀመሪያ የሚሻው በራሱ ማኅደር ውስጥ ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ዊንዶውስ ማኅደር የሚሄደው። ሰኞ ዕለት እኔ በደጃፉ ያስቀመጥኩት ባዕድ ፋይል ገና እዚያው ነበር፤ ትክክለኛው ቢመጣም መንገድ ላይ እርሱ ይቀድመው ነበር። እኔ ያመጣሁትን ሁለቱንም ፋይል አውጥቼ ጣልኩና ጥቅሉን እንደገና ጠግኜ ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ የስምንት ዓመቱ መዝገብ በሙሉ አለ። እትዬ ምንም ሳይሉ መነጽራቸውን አድርገው የመጋቢትን ደመወዝ መሥራት ጀመሩ። ዓርብ መጋቢት 29 ቀን ከሆሳዕና በፊት ሁሉም ሰው ተከፈለ።

እኔም ከዚያው ተነሥቼ ወደ ዲሬክተሩ ቢሮ ሄድኩ። ነገሩን ሰምተው በእትዬ ስም የተዘጋጀውን ወረቀት ቀደዱት፤ እኔን ግን ያደረግሁትን በጽሑፍ እንዳቀርብ አዘዙኝ። ያ ጽሑፍ ከማስጠንቀቂያው ጋር እስከ ዛሬ በማኅደሬ ውስጥ አለ፤ ይገባኛልም።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ትምህርት ቤት ብቻ የሚደርስ እንዳይመስል አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 እ.ኤ.አ. በማርች ወር፣ በእኛ አቆጣጠር በመጋቢት 2008 ዓ.ም.፣ «ሌፍት ፓድ» የተባለች አንዲት ትንሽ የፕሮግራም ክፍል ጸሐፊዋ በስም አጠቃቀም ጉዳይ ተጣልቶ ከሕዝብ መደብር አነሣት። ይህች ክፍል 11 መስመር ብቻ የነበረች ስትሆን ሥራዋም በአንድ ጽሑፍ ግራ በኩል ባዶ ቦታ ወይም ዜሮ መጨመር ነበር። ይሁን እንጂ እርስዋን ተመርኩዘው የሚሠሩ እጅግ ብዙ ፕሮግራሞች ስለነበሩ፣ አብዛኞቹም ባለቤቶች እርስዋን መመርኮዛቸውን እንኳ ስለማያውቁ፣ በታላላቅ ድርጅቶች ያሉ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ሥራቸው ቆመ። መደብሩ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንድትመለስ አደረገ። እንግዲህ ትንሽ የመሰለን ነገር ማን እንደሚደገፍበት ሳይጠይቁ ማንሣት ዐዋቂዎችንም ያሳስታል።

በመሥሪያ ቤት ውስጥ የሒሳብ፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ወይም የሠራተኛ አስተዳደር ፕሮግራም «እገሌ የተባለው ክፍል ጠፍቷል» ብሎ ሲቆም ሊደረግ ይገባል የምለውን ከደረሰብኝ ተምሬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ/ ማስታወቂያውን እንዳለ መገልበጥ ወይም ፎቶግራፍ ማንሣት። «አልሠራም አለኝ» ብሎ ለባለሙያ መንገር በሽታን «አመመኝ» ብቻ ብሎ ለሐኪም እንደ መንገር ነው። የፋይሉ ስምና ቁጥሩ የትኛው ዓመት ክፍል እንደ ጎደለ ራሳቸው ይናገራሉ።

2ኛ/ «ትናንት ይሠራ ከነበረ በመካከል ምን ተለወጠ?» ብሎ መጠየቅ። የተጠረገ ፕሮግራም፣ የታደሰ ዊንዶውስ፣ የተለወጠ ኮምፒዩተር አለን? የቫይረስ መከላከያው ፋይሉን ጠርጥሮ አስሮት እንደሆነስ ታይቷልን? ይህ ጥያቄ ሲቀርብ ግን ጥፋተኛ ለመፈለግ ሳይሆን ነገሩን ለማወቅ መሆኑ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል። ቅጣት ያስፈራው ሰው እውነቱን አይናገርምና።

3ኛ/ ሌላው ኮምፒዩተር ላይ ይሠራል ወይ ብሎ ማየት። በሌላው የሚሠራ ከሆነ ፕሮግራሙ አልሞተም፤ ጉድለቱ በአንዱ ኮምፒዩተር ላይ ነው።

4ኛ/ ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት የመሥሪያ ቤቱን መዝገብ ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ። ፕሮግራም ሁልጊዜ ይገኛል፤ የስምንት ዓመት ሒሳብ ግን ከጠፋ በገበያ አይሸጥም። «ይጠረግ» የሚለው ምክር የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ አይሁን።

5ኛ/ የጎደለውን ክፍል ፕሮግራሙ ከመጣበት ሲዲ ወይም ከሠሪው ከራሱ መውሰድ፤ ከማይታወቅ ቦታ ነጠላ ፋይል አለማምጣት። ሲወሰድም ፕሮግራሙ የ32 ነው ወይስ የ64 ቢት ብሎ ማረጋገጥ። ኮምፒዩተሩ የ64 ቢት መሆኑ ፕሮግራሙንም የ64 አያደርገውም።

6ኛ/ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና መጻፍ፤ ያልረዳውንም ነገር መልሶ ማውጣት። የእኔ ሁለተኛ ስሕተት የመጀመሪያውን መድኃኒቴን ሳላነሣ ሌላ መጨመሬ ነበር።

7ኛ/ አንዱ ጉድለት ሲሞላ ሌላ ስም ይዞ ቢመጣ ተስፋ አለመቁረጥ። ፕሮግራሙ አንዳንድ ጊዜ የሚናገረው መጀመሪያ ያጣውን ብቻ ነውና ሁለተኛው ማስታወቂያ አዲስ በሽታ ሳይሆን ወደ ፊት መራመድ ሊሆን ይችላል። ማስታወቂያው «እገሌ የተባለው ፋይል ወይም እርሱ ከሚደገፍባቸው አንዱ አልተገኘም» ሲል ደግሞ፣ ስሙ የተጠራው በቦታው ኖሮ የጎደለው ከበስተ ኋላው ያለው ሌላው ሊሆን እንደሚችል ማስተዋል።

ከነዚህ ሁሉ በላይ ግን ደብተሩ ነው። እኔ በልጅነቴ በተማርኩበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ክፍል ነበረ። በግድግዳው ላይ እያንዳንዱ መጋዝና መዶሻ በሚሰቀልበት ቦታ የመሣሪያው ቅርጽ በቀለም ተስሎ ነበር፤ አንድ መሣሪያ ከጎደለ ባዶው ቅርጽ ከሩቅ ይታያል። መሣሪያ የወሰደም ተማሪ ስሙን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል። ያን ጊዜ የሕፃናት ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን በትምህርት ቤታችን በእያንዳንዱ የቢሮ ኮምፒዩተር አጠገብ አንድ ደብተር ታስሮ ተሰቅሏል። ኮምፒዩተሩን የነካ ሰው ሁሉ ቀኑን፣ ያደረገውን፣ ያጠፋውን፣ የጨመረውን ጽፎ ይፈርማል። ደብተሩ እንዲጀመር የጠየቅሁት እኔ ስሆን በመጀመሪያው ገጽ ላይ የተጻፈውም የእኔው የመጋቢት 22ቱ ሥራ ነው። ዝርዝሩን የጻፉልኝ ግን እትዬ ናቸው፤ ከእኔ ይልቅ መጻፍ ያውቁበታልና።

አበው ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ። እኔ ደጃዝማችነት አልቀረብኝም፤ ነገር ግን ሳልናገር በቀረሁባቸው ሦስት ቀኖች አንዲት ያለ ነቀፋ የኖሩ ሠራተኛ በሰው ፊት አንገታቸውን ደፍተው ውለዋል፤ ያን ደግሞ የሚመልስልኝ ሲዲ የለም። ኮምፒዩተር እንኳ የጎደለውን ነገር በስሙ ጠርቶ «ይህ የለኝም» ብሎ ይናገራል። በየመሥሪያ ቤታችን ያለን ሰዎች ያጎደልነውን ነገር እንደዚሁ በስሙ ለመጥራት ብንደፍር፣ ሹማምንቶቻችንም የሚናገረውን ሰው ከሚደብቀው አስበልጠው ቢያዩት፣ ብዙ ችግር ከጧት እስከ ቀትር ባለቀ ነበር እላለሁ።



ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር